የአባዬ የክት መነጽር

አባዬ ቡልጋሪያ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሠሪ ነው። ማለቴ፣ ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ሲመጣ ቆርጦ፣ በይዶ፣ ቀጥቅጦ ወደ መልኩ የሚመልሰው እሱ ነው። ሰፈር ውስጥ "የመኪና ወጌሻ" ይሉታል፤ እሱም አይከፋውም። የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለ ቅያስ ውስጥ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ነው። እማዬ ካዛንቺስ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ የጽዳት ሠራተኛ ናት። እዚያ ወለል በወለወለች ቁጥር ሰው እንዳይንሸራተት ቢጫ ምልክት ታቆማለች። ቤት ስትመጣ ግን በረንዳውን በሳሙና አጥባ ዝም ነው። የሚወድቀው ቤተሰብ ስለሆነ መሰለኝ።

አምና አንድ ብዙ መኪና ያለው መሥሪያ ቤት የአባዬ ጋራዥ ደንበኛ ልሁን አለ። ግን "ሠራተኞቻችሁ የአደጋ መከላከያ ከሌላቸው መኪናችንን አናስገባም፤ እየመጣንም እናያለን" አሉ። ባለ ጋራዡ መጀመሪያ መኪኖቹን ከአደጋ ጠብቁልን ያሏቸው መስሏቸው ነበር። የሠራተኞቹን ዓይንና እግር እንደሆነ ሲረዱ ትንሽ ግራ ገባቸው፤ ቢሆንም ገዙ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቱታ፣ ጓንት፣ አፍንጫው ውስጥ ብረት ያለው ሴፍቲ ጫማ፣ ዙሪያውን ገጥሞ ዓይን የሚሸፍን መነጽር። ለቀለም ቀቢው ደግሞ በሁለት በኩል ማጣሪያ ያለው ማስክ።

አባዬ ዕቃውን ይዞ የገባ ቀን ቤታችን ዓመት በዓል መሰለ። ጫማውን ከካርቶኑ አወጣው፤ ሁላችንም በየተራ አሸተትነው።

"ይሄን አድርገህ ነው ዘይት ውስጥ የምትገባው?" አለች እማዬ።

"ምን ላድርግ፣ ለሥራ ብለው ነው የሰጡን።"

"ኧረ ግፍ ነው! ግፍ!"

በቃ፣ ጉዳዩ እዚያው ተወሰነ። እኛ ቤት አዲስ ነገር በሙሉ መጀመሪያ ክት ይሆናል። ክት የሆነ ነገር ለበዓል፣ ለሰርግና ለእንግዳ ብቻ ይወጣል። ሲቀደድ ወይም ወጥ ሲፈስበት ነው ደረጃው ወርዶ አዘቦት የሚሆነው፤ ያኔ እንደ ልብ ይደረጋል። የቴሌቪዥናችን ሪሞት ከተገዛ አምስት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ከነላስቲኩ ነው፤ ድምፅ የምንጨምረው በግምት ነው። ስለዚህ ቱታው ተተኩሶ ቁም ሳጥን ገባ። ጓንቱ ከነማሸጊያው መሳቢያ ገባ። መነጽሩ ደግሞ ቡፌው ውስጥ፣ ማንም ከማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች መሃል፣ ዳንቴል ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ የአደጋ መከላከያው በሙሉ ምንም አደጋ ሳይደርስበት ቤታችን መኖር ጀመረ።

እንግዳ ሲመጣ አባዬ ቡፌውን ያሳያል።

"የሥራ መነጽሬ ነው።"

"ውይ ሲያምር! በደስታ ጨርሰው" ይላል እንግዳው።

ጫማው ግን እንደ መነጽሩ ቤት አልዋለም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ አባዬ በር ላይ አውልቆት ሲገባ ልቡ ውጭ ይቀራል። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይም አደረገው። የአዳራሹ ፈታሽ ከላይ እስከ ታች በመፈተሻው ሲዳስሰው፣ እግሩ ላይ ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ።

"ጋሼ፣ ጫማዎ ውስጥ ምን አለ?"

"ብረት!" አለ አባዬ፣ ሽልማት እንደተሰጠው ሰው። "መኪና ቢወጣበት እንኳን እግሬን አይነካኝም።"

"እዚህ ውስጥ እኮ መኪና የለም።"

"ጭፈራውን አይተኸዋል?"

ፈታሹ ስቆ አሳለፈው። እኔና እማዬም ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን በጣም የተጠነቀቀ አባት ነበረኝ። ሰኞ ሥራ ሲገባ ግን ጣቱ ብቅ ያለ ሸራ ጫማውን ነበር ያደረገው። እየመጣን እናያለን ያሉትም እስካሁን አልመጡም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባዬ ቀኝ ዓይኑን በመሐረብ ይዞ መጣ። በብረት መቁረጫው በግራይንደር የመኪና ጎማ ሽፋን፣ ፓራፋንጎ፣ ሲቆርጥ የብረት ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነው። ይሄ እነሱ ጋ አዲስ አይደለም። የጋራዡ ዓይን ሐኪም ቀለም ቀቢው ናቸው። የአባዬ የቅርብ ጓደኛ ናቸው፤ ወሎ ተወልደው እዚሁ ያደጉ፣ ቀልደኛ ሰው። ሰው ዓይን ውስጥ ብናኝ ሲገባ ሽፋሽፍቱን ገልበጥ አድርገው በክብሪት እንጨት ያወጡታል። ተማሩበት የሚል የለም፤ እጃቸው ስለማይንቀጠቀጥ ብቻ ነው የተሾሙት። ያን ቀን ግን ብናኙ ጭራሽ ወደ ውስጥ ገብቶ እምቢ አላቸው።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰው ሲያመው አምስቱም ቤት ይታመማል። አባዬ ገና ወንበር ላይ ሳይደላደል ሁሉም መጣ። አንዷ በሻይ ቅጠል ውኃ እጠበው አለች። ሌላዋ ጠበል ይዛ መጣች። ጡረተኛው አስተማሪ ደግሞ ሌላኛውን ዓይን ካሸኸው የታመመው ይሻለዋል አሉ፤ ይሄን ከየት እንዳመጡት እስካሁን አላወቅኩም። ጤና ጣቢያ ይሂድ ያለ አንድም አልነበረም። ጤና ጣቢያ መላክ እንደ አለመርዳት ነው የሚቆጠረው። ሲነጋ ዓይኑ አልገለጥ ሲል ግን እኔ ትምህርት ቤት ቀርቼ እጁን ይዤ ወሰድኩት።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ብዙም አትስቅም። ብናኙን ካወጣችለት በኋላ በመብራት ረጅም ጊዜ አየችው።

"አባቴ፣ ከዚህ በፊትም ገብቶብዎታል አይደል?"

"አልፎ አልፎ።"

"ጠባሳ አለ እኮ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚህ። የዛሬው ደግሞ ለብሌኑ ጥቂት ነው የቀረው። የሚቀጥለው መሃል ላይ ካረፈ በዚህ ዓይን ማየት ሊያቆሙ ይችላሉ። መከላከያ መነጽር አልሰጧችሁም?"

"ኧረ ሰጥተውናል ሲስተር! ጥሩ መነጽር ነው።"

"የት ነው ያለው?"

"ቤት።"

"ቤት ምን ይሠራል?"

አባዬ ትንሽ አሰበ። "ተቀምጧል" አለ።

ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኖ ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ላሜራ ሠሪ የተጣመመን ብረት የሚያውቀው በዓይኑ ነው። አባዬ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የመኪናውን በር ከርቀት ሲያየው የአንድ ፀጉር ያህል ዝንፈት ይይዛል። እሱ ዓይን ካጣ ምን እንደሚሆን ለማሰብ አልፈለግኩም። መነጽሩ ከቡፌው ወጥቶ ፊቱ ላይ መቀመጥ ነበረበት።

መጀመሪያ የሞከርኩት በጽሑፍ ነው። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ ማንበብ የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነበር፤ ሳነብ ሰው ዝም ብሎ የሚሰማኝ መሆኑ ራሱ ደስታ ነበር። ስለ ሥራ ቦታ ጥንቃቄ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ጓደኛዬ በስልኳ ቀዳችልኝ፤ ማታ እራት ላይ ለአባዬ ከፈትኩለት። ፋሻ ባልተደረገበት ዓይኑ ጣሪያውን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማ።

"ጎበዝ!" አለ። "ሰው ሁሉ ይሄን መስማት አለበት። በተለይ እነዚያ ግድ የሌላቸው።"

"እነማን?"

"አሉ አንዳንዶች።"

ሁለተኛው ሙከራዬ ዝምታ ነበር። ፋሻው ተነስቶለት ሥራ የተመለሰ ቀን መነጽሩን ከምሳ ዕቃው ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። ማታ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ መለሰው።

"ልጄ፣ ተሳስተሽ ከተሽዋል መሰለኝ። እግዜር አተረፈው እንጂ ዘይት ሊነካው ነበር።"

በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀ። ቡፌው ፊት ቆሜ "አባዬ፣ ዓይንህ ነው ወይስ ይሄ የሚበልጥብህ?" አልኩት። እማዬ ከጓዳ "አንቺ! ምላስሽን!" አለችኝ። አባዬ አልተቆጣም። በቡፌው መስታወት በኩል መነጽሩን በጣቱ አሳየኝ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ መዶሻዬም፣ ቱታዬም የራሴ ነው" አለ። "ለአንተ ብለን ነው ብሎ ሰው የሰጠኝ ነገር ይሄ የመጀመሪያው ነው። በአንድ ሳምንት ተጭሮ፣ ተቃጥሎ አልቆ ልየው?"

ሁለት ገጽ የጻፍኩት ልጅ አንድ መስመር አጣሁ። እሱ ግድ የለሽ አይደለም፤ ጭራሽ በዓለም ላይ እንደ እሱ ለዚያ መነጽር የተጠነቀቀ ሰው አይገኝም። ችግሩ ጥንቃቄው ከመነጽሩ አልፎ ወደ ዓይኑ አለመድረሱ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ተመረቀና ግቢው በሙሉ ድግስ ገባ። እኛ ጋ ድግስ የአንድ ቤት አይደለም፤ ድስቱ ከአንዱ፣ ወንበሩ ከሌላው፣ እንባው ደግሞ ከሁሉም ነው። እንባው ስል ሽንኩርቱን ነው። አንድ ጆንያ ቀይ ሽንኩርት ግቢው መሃል ተዘረገፈ፤ ሴቶቹ ቢላ ቢላቸውን ይዘው ዙሪያውን ተቀመጡ። የተመራቂው እናት እኔን በር ላይ አዩኝ።

"ነይ እንጂ አንቺ ጸሐፊ! ጽሑፍ ድግስ አይደግስም፤ ቢላ ያዢ!"

በሦስተኛው ሽንኩርት ዓይኔ ጠፋ። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ያለቅሳል፤ ለምርቃት ሳይሆን ለለቅሶ የተቀመጥን ነው የምንመስለው። ያኔ ምንም አላቀድኩም፤ እውነቴን ነው። ዝም ብዬ ተነስቼ ቤት ገባሁ፣ ቡፌውን ከፈትኩ፣ መነጽሩን አድርጌ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሳቁ ለመቆም ጊዜ ፈጀ።

"ምንድን ነው ይሄ? ጠላቂ ሆነሽ ነው?"

"ኧረ ፓይለት ናት!"

"ሙድ አትያዙብኝ" አልኩ። "አንድም እንባ የለም። እዩኝ።"

እውነትም አልነበረም። በዚያ መነጽር ውስጥ ሽንኩርት ማለት በቃ አትክልት ነው። አሥር ከተፍኩ፣ ሃያ ከተፍኩ። ሴቶቹ መሳቃቸውን ትተው ማየት ጀመሩ። ሥልጠና የሚባለው እንዲህ ከሆነ እኔ ሁለት ገጽ ስጽፍ ለምን ደከምኩ?

እማዬ ውኃ ይዛ ስትመጣ አየችኝና ባልዲው ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ።

"የአባትሽን! አውልቂ! ይቆሽሻል! ከቆሸሸ እኮ አለቀለት፣ ከዚያ ወዲያ ለሥራ ካልሆነ ለምንም አይሆንም!"

እጄ መነጽሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ለሥራ ካልሆነ ለምንም አይሆንም። እማዬ ሳታውቀው መድኃኒቱን ነገረችኝ። ነርሷ ያልቻለችውን፣ ሚኒ ሚዲያው ያልቻለውን፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይችለዋል።

አወለቅኩትና ለእማዬ ሳይሆን ለተመራቂው እናት ሰጠኋቸው።

"እትዬ፣ እርስዎም ይሞክሩት እስኪ።"

"እኔ? በእርጅናዬ?" አሉ፤ ግን እጃቸው ቀድሞ ዘርግቷል። አደረጉት። "ውይ! ውይ ልጆቼ! ይሄን ሁሉ ዘመን በከንቱ አልቅሰናል!"

ከዚያ በኋላ መነጽሩ የእኔ አልነበረም። "አምጡት ተራዬ ነው" እየተባለ ከፊት ወደ ፊት ዞረ። አንዷ ቅቤ የተቀባ ፀጉሯ ላይ ሰካችው። አንዷ በርበሬ በነካው ጣቷ ላስቲኩን ጎተተችው። ሌላዋ ላቡን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። እማዬ መጀመሪያ "ኧረ በማርያም!" ስትል ቆየችና በመጨረሻ እሷም አንድ ሳፋ ከተፈችበት። ደስ ብሏት ነበር፤ አይቻታለሁ።

አባዬ ከሥራ ሲገባ መነጽሩ የተመራቂው እናት ግንባር ላይ ነበር። አንድ የሽንኩርት ልጣጭ ላስቲኩ ላይ ተጣብቋል።

ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷቸው መነጽሩን አውልቀው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

"እንኳን ደስ አለዎት" አላቸው አባዬ። ምርቃቱን መሆኑ ነው። ከዚያ ተቀበለ፣ ልጣጩን አነሳ፣ ወደ ፀሐዩ አድርጎ አገላበጠው። አሸተተው። እኔ ከድስቱ ጀርባ ተደብቄያለሁ። ስድብ፣ ቁጣ፣ ሁሉንም ጠብቄያለሁ።

"ማን ነው ያወጣው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሽንኩርት ያስቆማል?"

"አንድ ጠብታ የለም።"

ራሱን ነቀነቀ። "ለሽንኩርት ከሆነማ ለብረትም ይሆናል" አለና ቤት ገባ። እማዬ ያን ማታ በሳሙና አጠበችው፤ መስታወቱ ጠራ፣ ላስቲኩ ላይ ያለው የሽንኩርት ሽታ ግን አልወጣም። ጠዋት ዳንቴሉ ባዶ ነበር። መነጽሩ ቁልፍና መሐረብ በሚቀመጡበት፣ በሩ ጎን ባለው ምስማር ላይ፣ ከአሮጌው ቱታ ጋር ተሰቅሏል። አባዬ ሲወጣ እንደ ማንኛውም አዘቦት ነገር ሳያየው አነሳውና አንገቱ ላይ አጠለቀው።

አሁንም ልቤ አላረፈም፤ አንገት ላይ ማጥለቅና ዓይን ላይ ማድረግ የተለያየ ነገር ነው። ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን ረስቶ ሄደና በዚያ ሰበብ ጋራዡ ሄድኩ። ከቂርቆስ እስከ ቡልጋሪያ በእግሬ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ጋራዡ በር ላይ የተቀበሉኝ ቀለም ቀቢው ናቸው።

"የሽንኩርቷ ልጅ መጣች!" ብለው ጮኹ። ከየመኪናው ሥር ሳቅ ተሰማ። "አባትሽ እኮ መነጽሩን አጥልቆ የገባ ቀን ጋራዡ በሙሉ ምሳ ደረሰ ብሎ እጁን ታጠበ!"

"ያደርገዋል?" አልኩ።

"ምኑን?"

"መነጽሩን ነዋ ጋሼ። ዓይኑ ላይ?"

ሳቃቸውን ተዉና በአገጫቸው ወደ ውስጥ አሳዩኝ። አባዬ አንድ ነጭ መኪና አጠገብ ተንበርክኮ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ በሩን በጣቱ እየዳበሰ ነበር። እግሬ ራሱ ሳይታወቀኝ ዘለለ።

ቀለም ቀቢው ዙሪያቸውን አየት አደረጉና ከመደርደሪያ ሥር ከረጢት አወጡ። የስጦታ ከረጢት ነው፣ አበባ ያለበት። ውስጡ ማስካቸው ነበር፣ ከነማሸጊያው።

"ልጄ፣ ባለቤቴ ሳጥን ቆልፋበት ነበር። ለኢድ ነው ትላለች፤ ወላሂ፣ ማስክ አድርጌ እንድሰግድ ይሁን አላውቅም።" ሳል አቋረጣቸው፤ ደረቅ፣ ረጅም ሳል። "ሰርቄ ነው ያመጣሁት። አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው ይላሉ። ትንሽ አቆሽሺልኝ።"

"ውጭውን ብቻ ነው የማቆሽሸው፤ ውስጡ በሚተነፍሱበት በኩል አይሆንም" አልኩ፣ የዚህ ሙያ ባለቤት እንደሆንኩ ሁሉ።

"እንዳወቅሽ። ወጥ ይሁን ግን፤ ወጥ ታምንበታለች።"

ማስኩን ይዤ ወደ አባዬ ተጠጋሁ። ግራይንደሩን አስነሳና ብረቱ ላይ አሳረፈው። የእሳት ብናኝ እንደ ርችት ተበተነ። አፌን ከፍቼ አየሁት፤ ደስ አለኝ፣ በቃ ደስ አለኝ። ድንገት ግራይንደሩ ቆመ። አባዬ መነጽሩን ሳያወልቅ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

"አንቺ! ያለ መነጽር እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ምሳህን ላመጣልህ..."

"ዓይን የለሽም? ብረት እኮ ነው! ውጪ!"

"ሁለት ሜትር እኮ ርቄያለሁ!"

"ከበሩ ውጪ አልኩሽ! ማንም ያለ መነጽር እዚህ አይቆምም!"

የተንበረከከው ሠራተኛ ሁሉ የራሱን ባዶ ፊት በእጁ ነካ። አንዱ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ስለ ጥንቃቄ ሁለት ገጽ የጻፍኩት ልጅ፣ ምሳ ዕቃውን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በራሴ አባት ለደኅንነቴ ተብሎ ተባረርኩ። የቆምኩበት አስፋልት ዳር ደግሞ ታክሲዎቹ ተራ ለመያዝ እየተጋፉ የቀሚሴን ጫፍ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

"ጠጋ በይ እንጂ እህት! ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!" አለኝ ረዳቱ።

ጠጋ አልኩ፤ ወደ ጋራዡ አጥር። ቆርቆሮው በተከፈተበት በኩል ወደ ውስጥ አየሁ። ግራይንደሩ እንደገና ተነስቷል፣ ብናኙ የአባዬ ፊት ላይ እየዘነበ ነው፣ እሱ ግን ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ ብረቱን ይቆርጣል።